ጀበና የማይመስል ፕሮጀክት፦ ዲዛይን ከየት ይጀመራል?

ይህ የአርክቴክቸር ውይይት ክር ስለረዘመ ዛሬ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ይቸገራል። እኔ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ስድብ ስድቡን ዘልዬዋለሁ። በየመሀሉ የራሴን አስተያየት ጣል አደርጋለሁ፤ ሥራዬ አርክቴክቸር ነው፣ የተነሳው ጥያቄም የሁላችንም ነው።

የመነሻው ጽሑፍ

ጠያቂዋ የአራተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። የት እንደምትማር አልጻፈችም፣ ማንም አልጠየቃትም። የዚህ ሴሚስተር የስቱዲዮ ሥራቸው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ባለ ተዳፋት ላይ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ መንደፍ ነው፤ ጂ ፕላስ ፎር፣ ለ40 አባወራ። ሳይት ቪዚት ሲሄዱ አብዛኛው ልጅ ፎቶ አንስቶ ተመለሰ። እሷ ግን ደጋግማ ሄደች። የሰፈሩ እናቶች ሲጋግሩ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አየች፣ ሜትር ይዛ ለካች።

ያየችውን በዝርዝር ጽፋዋለች። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይሄንን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በየፕላናችን የምንሥለው የኩሽና ጠረጴዛ ጥልቀትም 60 ነው። ስለዚህ ምጣዱ ከነማቀፊያው ሲቀመጥ ጫፉ ከጠረጴዛው ይወጣል። ጋጋሪዋ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሀል ስታፈስ ክንዷ ሙሉ ክብ ይሠራል፤ ግድግዳ ከተጠጋት ክርኗ ይመታል። አክንባሎው ሲነሳ ማረፊያ ይፈልጋል። የሊጡ ባልዲ በአንድ ወገን፣ ሰፌዱና ሞሰቡ በሌላው ወገን መሆን አለባቸው፤ ካልሆነ ትኩሱ እንጀራ በሊጡ ላይ ተሻግሮ ነው የሚያልፈው። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር ደግሞ እንፋሎቱ ግድግዳውን ይመታል። ቀለሙ ይላጣል፣ ሻጋታ ይይዛል።

ከዚህ ተነስታ ነደፈች። በየፎቁ ስምንት ቤት የሚጋራው፣ ሁለት ምጣድ የሚይዝ ክፍት መጋገሪያ አደረገች። ኮሪደሩን አሰፋችው፤ በርበሬ ይሰጣበት፣ ልጅ ይጫወትበት፣ ቡና ይፈላበት ብላ። ዋናው ሥዕሏ የመጋገሪያው ሴክሽን ነበር፣ ማለትም በቁሙ ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል፣ በ1 ለ20 ልኬት።

ጁሪው ላይ፣ ማለትም ሥራው ፈታኞች ፊት ቀርቦ ሲገመገም፣ ከፈታኞቹ አንዱ ኮንሴፕቷ ምን እንደሆነ ጠየቋት። አስረዳች። ይሄማ ፈንክሽን ነው፣ ኮንሴፕቱ የታለ አሏት። አጠገቧ የለጠፈው ልጅ ደግሞ ሕንጻውን ከላይ ሲታይ ጀበና አስመስሎት ነበር፤ ደረጃው አንገቱ ውስጥ፣ የጋራ አዳራሹ ሆዱ ውስጥ። እሱ ተመሰገነ። ጥያቄዋ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ዲዛይን የሚጀመረው ከምልክት ነው ወይ? እናንተስ ነጭ ወረቀት ፊት ስትቀመጡ ከየት ትጀምራላችሁ?

ምላሾቹ

ቁጥር 1። እሱም ተማሪ ነው፣ አንድ ዓመት ይቀድማታል። አይዞሽ ብሎ ጀመረ። በእሱ ክፍል ሞሰብ፣ ጋሻና የቡና ፍሬ ሕንጻ ሲሆኑ እንዳየ፣ ውስጣቸው ምን ይመስላል ብሎ የጠየቀ ግን እንዳልነበረ ጻፈ።

ቁጥር 2። አጭር ነው። ጁሪው የሚፈልገውን ሰጥተሽ እለፊ፣ የራስሽን ከተመረቅሽ በኋላ ትሠሪያለሽ ይላል።

ቁጥር 3። ቁጥር 2 ላይ ወረደበት። ቢሮ ሲገባም ባለቤቱ ዱባይ ያየሁትን አምጣልኝ ነው የሚለው፤ የራስ የሚባለው ታዲያ መቼ ሊመጣ ነው ብሎ ጠየቀ። አነጋገሩ ሻከር ይላል፣ ግን እውነቱን ነው። ለማየትና ለመለካት ጊዜ የሚገኘው ተማሪ ሆኖ ነው። ቢሮ ውስጥ ያ ጊዜ የለም።

ቁጥር 4። መምህር ናቸው፣ ረጋ ብለው ነው የጻፉት። የፈታኙ ጥያቄ ተገቢ ነው ይላሉ። ያልተገባው መልሱን ከምልክት ብቻ መጠበቅ ነው። ለእሳቸው ኮንሴፕት ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጣል የሚወስን አንድ አቋም ነው። ልጅቷ አቋሙ አላት፤ መጋገር ከቤት ወጥቶ የፎቁ የጋራ ሥራ ይሁን የሚል። ጁሪው ፊት ያቀረበችው ግን እንደ ክፍሎች ዝርዝር አድርጋ ነው። ከዚያ ጥያቄ ደረደሩላት። አቋምሽ ይሄ ከሆነ ደረጃው ለምን ከመጋገሪያው ራቀ? ጫፍ ላይ ያለው ቤት ሊጥ ተሸክሞ ስንት ሜትር ይሄዳል? የሰሜኑና የደቡቡ ፊት ለምን አንድ ዓይነት ሆነ? እንዲህ እያለ የሚጠይቅ ፈታኝ ያገኘ ተማሪ ታድሏል። ከክሩ አንድ ምላሽ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይሄን ያንብብ።

ቁጥር 5። ለጀበናው ተሟጋች ነው፣ በስሜት ተነስቷል። ባህላችንን በሕንጻ ማሳየት ምን ነውር አለው ይላል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል አይደለም ወይ? ያንን የፈለፈሉት ሰዎች ዛሬ ጁሪ ፊት ቢቀርቡ ልትጥሏቸው ነው?

ቁጥር 6። ክሩ ከፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጻፈችው ሴት የታሪካዊ ሕንጻዎች ቅየሳ ላይ የሠራች ናት። ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል መሆኑን አልካደችም። ግን ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ጣሪያውን ብቻ አይቶ መመለስ ይበቃል ወይ ነው ያለችው። ሕንጻው ከላይ ወደ ታች፣ 12 ሜትር ገደማ የተፈለፈለ ነው። ክረምት ሲገባ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ኩሬ መሆን ነበረበት። አልሆነም። ጣሪያው የውሃ መውረጃ አለው፣ ዙሪያው ተዳፋት ተደርጎለታል፣ ውሃው በቦይ ይወጣል። መስቀሉ እስከዛሬ የቆመው ውሃው መሄጃ ስላገኘ ነው። ቤተ አማኑኤልንም አነሳች። የውጭ ግድግዳው አግድም እየገባና እየወጣ የተጠረበ ነው። ያ የጥንቱ የአክሱም አሠራር ቅጂ ነው፤ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ የሚሠራው። አለት ሲፈለፈል እንጨት አያስፈልግም። ጠራቢዎቹ ግን እጃቸው የሚያውቀውን ግንባታ ድንጋዩ ላይ አስቀሩት። የእሷ ነጥብ ቅርጹ የመጣው ከመሥራት ነው የሚል ነው፤ ከዕቃ ቤት ተመርጦ የመጣ ዕቃ አይደለም።

ቁጥር 7። በዚያው ላይ ጨመረ። ቅጂውን ቤተ አማኑኤል ላይ ያየ ሰው ዋናውን ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዶ ይመልከት አለ። ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጥቁሩ እንጨትና በኖራ የተለሰነው ነጭ ድንጋይ ተራ በተራ ተደርድሮ ይታያል። ደብረ ዳሞ ላይ ደግሞ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉት የእንጨት ጫፎች፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት፣ ለጌጥ ብቻ የወጡ አይደሉም፤ ግድግዳውን ሰንገው ይይዛሉ።

ቁጥር 8። ተቆጣ። ለምንድን ነው የኛ ሀገር የአርክቴክቸር ወሬ ሁሉ ላሊበላ ደርሶ የሚያበቃው ይላል። ሌላው ሕዝብ ቤት አልሠራም ወይ? ቁጣው ተገቢ ነው፤ ደግሞም ፍሬ አፍርቷል፣ ቀጥለው የመጡት ሁለቱ የዚያ ውጤት ናቸው።

ቁጥር 9። የዶርዜን ቤት አመጣ። ጎብኚ ሁሉ ዝሆን ይመስላል እያለ ፎቶ ያነሳል። ሠሪዎቹ የሚያስቡት ግን ስለ ምስጥ ነው። ቤቱ ከቀርከሃ ይጠለፋል፣ ሲሠራ ከልክ በላይ ረጅም ተደርጎ ነው። እግሩን ምስጥ በበላው ቁጥር ከታች እየተቆረጠ ያጥራል። ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ቦታውን ያዛውረዋል። ቁመቱ ለዓይን ሳይሆን ለዕድሜ የተሰጠ ነው።

ቁጥር 10። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደገች ናት። ጌይ ጋር ከሚባሉት ነባር ቤቶች የዋናውን ክፍል፣ የጊዲር ጋርን ነገር አስረዳች። አንድ ትልቅ ክፍል ነው፣ ውስጡን የሚከፍል ግድግዳ የለም። አምስት ነደባ አለው፤ ከፍና ዝቅ ያሉ፣ ምንጣፍ የሚነጠፍባቸው መቀመጫዎች። እንግዳው፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሴቷ፣ እያንዳንዱ የሚቀመጥበት ከፍታ ይታወቃል። ዕቃው በግድግዳው ውስጥ በተበጁ መደርደሪያዎች ይገባል። ለጠያቂዋ የሰጠቻት ምክር አጭር ነው፤ ኮሪደርሽ ላይ ግድግዳ ከማቆም ወለሉን ከፍና ዝቅ አድርጊው።

ይሄን ሳነብ እርሳስ አንስቼ መሣል ጀመርኩ። በአንድ ክፍል ውስጥ የሰዎችን ቦታ በወለል ከፍታ ብቻ መለየት! ይሄ በሴክሽን እንጂ በፕላን አይታይም።

ቁጥር 11። ዕድሜያቸውን ሳይት ላይ የጨረሱ ፎርማን ናቸው፣ ልጆቼ እያሉ ነው የጻፉት። የጀበናውን ሆድ በምን ልትገነቡት ነው ብለው ጠየቁ። ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ነገር ነው። ጠበብ ያለ ክብ ሲሠራበት በውጭ በኩል መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል፣ ሲሚንቶ ይበላል፣ ወይ እያንዳንዱ ይቆረጣል። በኮንክሪት ይሁን ከተባለ ካሳፎርማው፣ ኮንክሪቱ የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ፣ ክብ መሆን አለበት፤ ጣውላው በጠባብ በጠባቡ ይሰነጠቃል፣ ፌሮውም በልክ በልኩ ይጎብጣል። ይቻላል፣ ያልተሠራ ነገር አይደለም። ገንዘቡን ግን ማን ይከፍላል? ለ40 ድሃ ቤተሰብ በሚሠራ ቤት ላይ ይሄን ማውጣት ልባቸው አልፈቀደም። ጋሼን አመስግነው የጻፉ ብዙ ናቸው፣ ቁጥር አልሰጠኋቸውም።

ቁጥር 12። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ይሄ ሁሉ ጫጫታ ስለ ምጣድ ነው ወይ አለ። ኩሽና የኢንቴሪየር ዲዛይነር ጉዳይ ነው፣ አርክቴክት ስለ ከተማና ስለ ቅርጽ ነው የሚያስበው ብሎ ደመደመ።

ቁጥር 13 እና 14። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም ዝም አላሉትም። የመጀመሪያዋ ከቁጥር 12 ቤት እንጀራ ማን እንደሚጋግር ጠየቀች። ሁለተኛዋ ግን ከንዴቷ አልፋ ቁም ነገር ጻፈች። በአንድ ፎቅ ስምንት ቤት ቢጋግር የሚወጣው እንፋሎት፣ የሚሳበው መብራት፣ የሚፈሰው ውሃ የሕንጻውን ሻፍት (ቱቦና መስመር ከፎቅ ፎቅ የሚያልፍበትን ክፍተት)፣ የኮሪደሩን ስፋት፣ የፊቱን ቀዳዳዎች ይወስናል። ይሄ አርክቴክቸር ካልሆነ ምኑ ነው? ከዚህ በኋላ ቁጥር 12 ብቅ አላለም።

ቁጥር 15። አርክቴክት አይደሉም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ናቸው፣ ጽሑፉን ልጃቸው አሳይቷቸው ነው የመጡት። የጋራ መጋገሪያ የሚለው ሐሳብ አዲስ እንዳልሆነ ነገሩን። ልክ ናቸው። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ ሲነደፍ ለየብሎኮቹ የጋራ ቤት ተብሎ መጋገሪያና ማረጃ ያለበት ለብቻው የቆመ ሕንጻ ታስቦ ነበር። በእሳቸው ግቢ ግን አልሠራም። ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ መውረድ፣ እንጀራ ተሸክሞ መውጣት አለ። ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ አይታወቅም። የብዙ ብሎክ ሰው ስለሚጋራው የማንም ሆኖ ቀረ፣ ዛሬ ዕቃ ማጎሪያ ነው። ስምንት ቤት በየፎቁ ቢጋራው ግን ይሠራል ይላሉ፤ ስምንት ሰው ስም ለስም ይተዋወቃል።

ከዚያ ማንም ያላሰበውን አነሱ። ጎረቤታቸው ያረፉ ዕለት ሳጥኑ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አልዞር አለ። ወንዶቹ አቁመው ነው ያወረዱት። ቤተሰቡ ቆሞ እያየ። የሚነድፉ ልጆች ይሄን እንዲያስቡበት ለመኑ። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳም ከመኪና ማቆሚያ ተለይቶ ይታሰብ፤ ለቅሶ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም አሉ።

ከዚህ ምላሽ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 16። መሐንዲስ ነው። ወደ መነሻው ተመልሶ አንድ ነገር አረመ። ልጅቷ የደቡቡ ፊት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል ብላ ነበር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች እንደዚያ አይደለም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ቀትር ላይ በደቡብ 57 ዲግሪ ተኩል ከፍታ ላይ ትሆናለች። ሰኔ 14 አካባቢ ደግሞ በሰሜን 75 ዲግሪ ተኩል። ስለዚህ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የደቡብ መስኮትን በታኅሣሥ ቀትር ሙሉ ለሙሉ ለመጋረድ ወደ 95 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ሰን ሼድ ይጠይቃል። በሰሜን 40 ያህል ይበቃል። ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ የሚወጣ ነገር አያድንም፣ ከጎን የሚቆም ከለላ ነው የሚያስፈልገው። እንግዲህ የቁጥር 4 ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ፤ ሰሜንና ደቡብ አንድ ፊት ሊኖራቸው አይችልም።

ቁጥር 17። የኔ ነው። እኔ ስጀምር ፕላን አልሥልም። መጀመሪያ በዚያ ቤት የሚኖር የአንድ ሰው ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ምን እንደሚመስል እጽፋለሁ፤ ስንት ሰዓት ይነሳል፣ ውሃ ከየት ያመጣል፣ ጫማውን የት ያወልቃል። ከዚያ ያ ሰው የሚያልፍበትን ሴክሽን እሥላለሁ። ፕላኑ ከዚያ በኋላ በትሬሲንግ ፔፐር እየተደራረበ ይመጣል። ለጠያቂዋ ያልኳት አንድ ነገር ነው፤ የለካሽበትን የመጀመሪያ ወረቀት፣ ሊጥ የነካው ቢሆን እንኳ፣ ለጥፊው። ፈታኝ ግድግዳ ላይ ያልተለጠፈ ሐሳብ ማንበብ አይችልም። ምሳሌም ሰጠኋት። አዲስ አበባ ያለው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ በባህር ዛፍ ተዳፋት ውስጥ ገብቶ የተጋደመ፣ የአፈሩን ቀለም የያዘ ቀይ የኮንክሪት ሕንጻ ነው። ጣሪያው ላይ የዝናብ ውሃ የሚተኛባቸው ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች አሉት። የኔዘርላንድስና የኢትዮጵያ አርክቴክቶች አብረው ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማት አግኝቷል። ምንም ዕቃ አይመስልም። ግን ከዚያ ኮረብታ ላይ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም።

ከቁጥር 18 እስከ 22። ወሬው ወደ ሶፍትዌር ሄደ። አንዱ ሬቪት ካልተማርሽ ሥራ አታገኚም አለ። ሌላው ስኬች አፕና ሉሚየን ለጁሪ ይበቃል አለ። ሦስተኛው አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል በደቂቃ ስለሚወጣ እጅ ማጥቆር ቀርቷል ባይ ነው። ላፕቶፕ ዋጋ ላይ ረጅም ክርክር ነበር፣ እሱን ትቼዋለሁ። ቁጥር 22 ብቻ ላንሳ፤ የሚያምር ምስል ያወጣው ፕሮግራም ምጣዱ ጠረጴዛው ላይ እንደማይበቃ ነግሮሽ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም ኮምፒውተር አልጠላም፣ ቀኑን ሙሉ የምሠራው በሱ ነው። ግን ሰው ያላየውን አያይለትም።

ቁጥር 23። ከዋሽንግተን አካባቢ ነው፣ ብዙ ዓመት እዚያ ኖሯል። ዘመድ ሲመጣበት ሁሌ የሚወስደው ወደ ቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ግንብ ነው። የነደፈችው ማያ ሊን እ.ኤ.አ. በ1981 ውድድሩን ስታሸንፍ 21 ዓመቷ ነበር፣ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከ1,400 በላይ ሥራዎች ገብተው ነበር፣ ዳኞቹ የሚያዩት ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ሐሳቡ የመጣው ከክፍል ሥራ ነው። ያስገባችው ሥዕል ለስለስ ያለ የፓስቴል ሥዕል ነበር፤ አብሮት ስለ ቦታው የጻፈችው ጽሑፍ አለ። በንድፏ ውስጥ ወታደር የለም፣ ባንዲራ የለም፣ ንስር የለም። መሬቱ ተቆርጦ የገባ ጥቁር ግራናይት ነው። ስሞቹም በፊደል ተራ አይደሉም፣ በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ናቸው። ስለዚህ አብረው የወደቁ አብረው ይነበባሉ። ለጠያቂዋ ያላት፣ ምልክት ሳይኖርም ሰው ቆሞ ያለቅሳል ነው።

ቁጥር 24። ከአፍሪካ ምሳሌ አጣችሁ ወይ ብሎ አርክቴክቱን ፍራንሲስ ኬሬን አመጣ። ቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ መንደር ያለውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሠራው በርሊን ተማሪ ሳለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። የመንደሩ ሰው ጭቃ ዝናብ ያፈርሰዋል ብሎ ይፈራ ነበር። እሱ ጭቃውን ጥቂት ሲሚንቶ ቀላቅሎ በጡብ መልክ ሠራ። ቆርቆሮውን ከጡቡ ጣሪያ ላይ ከፍ አድርጎ፣ በፌሮ አጋድሞ፣ ክፈፉን ወደ ውጭ አስረዘመው። ዝናቡ ግድግዳውን አይነካም፣ የጋለው አየር በመሀል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአርክቴክቸር ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ምን ይመስላል ቢባል ትምህርት ቤት ይመስላል።

ቁጥር 25። ሁለቱን ምላሾች ተቃወመ። የሁለት ጎበዝ ሰዎች ታሪክ ለአንድ ተማሪ ምን ይጠቅማል፣ እሷ ያለባት ጁሪ ነው አለ። ገባኝ። ነገር ግን ሁለቱም የተነሱት ተማሪ ስለነበሩ ነው። ያኔ ማንም አያውቃቸውም ነበር።

ቁጥር 26። ከርዕሱ ወጣ ቢልም ብዙ ሰው አመስግኖታል። ለሞዴል ፎም ቦርድ መግዛት ላቃተው ተማሪ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ አለ። ያገለገለ ካርቶን፣ የሽቦ ቁርጥራጭ፣ ጣውላ ይገኛል። ካርቶኑ ንብርብር ስለሆነ ለተዳፋት ሳይት ኮንቱር (የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በደረጃ) ለመሥራት ይመቻል። ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ የደነዘዘ ኩተር ነው ጣት የሚቆርጠው ብሎ አስጠነቀቀ።

ቁጥር 27። ጠያቂዋ ተመለሰች። የተባለውን ሁሉ አንብባ፣ የቀየረችውን ቀይራ ነው የመጣችው። ደረጃውን ወደ መሀል አምጥታ ከመጋገሪያው አጠገብ አደረገችው፤ አሁን ሩቅ የሚሄድ ቤት የለም። ከቁጥር 15 በኋላ በሳጥኑ ፈንታ የሁለት ሜትር ሙራሌ (የግንባታ እንጨት) አግኝታ፣ ከጓደኛዋ ጋር ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ያገኙትን ደረጃ ሁሉ ወጥተው ወርደውበታል። የት እንደሚያዝ፣ የት ግድግዳ እንደሚነካ ለካች። የሳለችው መታጠፊያ ጠቦ አገኘችው፣ አሰፋችው። ለዚያ ሲባል ከየፎቁ አንድ ዕቃ ቤት ቀነሰች። ኮሪደሩን ወደ ደቡብ አዞረችው። በርበሬ የሚሰጣው በበጋ ነው፣ በበጋ ደግሞ ፀሐይዋ በደቡብ ናት። ስፋቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስለሆነ በታኅሣሥ ቀትር ከኋላው ያለውን ግድግዳ ይጋርዳል። ከሐረሩ ምክር የወሰደችው ደግሞ የኮሪደሩን ጠርዝ በ45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው፤ ይቀመጡበታል፣ ሰፌድ ያሳርፉበታል፣ ልጅም ወደ አጥሩ እንዳይጠጋ ያቆየዋል ብላለች።

ቁጥር 28። መሐንዲሱ በመጨረሻው ላይ አልተስማማም። ልጅ ከፍታ ካገኘ ይወጣበታል፤ ስለዚህ የአጥሩ ቁመት መለካት ያለበት ከመቀመጫው ላይ እንጂ ከወለሉ አይደለም። ሕይወት የሚያድን እርማት ነው። ወዲያው ተቀበለችው።

ቁጥር 29። መምህሩ ናቸው። ሥዕሉን አይተው ሁለት ነገር ብቻ አሉ። አሁን አቋሙ ሳይነገር ይታያል። የወንዙ ዳር ግን አሁንም ባዶ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቂ።

ቁጥር 30። ቁጥር 5 ነው፣ አቋሙን አልለቀቀም። ሕንጻው ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ከመንገድ ላይ ሲያየው የኛ መሆኑን በምን ያውቃል ይላል። እኔ ስምንት ቤት የሚጋግርበት፣ በርበሬ የተሰጣበት የደቡብ ፊት ከመንገድ ይታያል ብዬ መልሼለታለሁ። አላሳመንኩትም። ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም፤ ከተማችን እየተሠራ ያለው የማንም ሊሆን በሚችል መስታወት ነው፣ እሱን የሚያንገበግበው ያ ነው።

ቁጥር 31። ኤሌክትሪሺያን ነው። አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። በየፎቁ ሁለት፣ አምስት ወለል ላይ አሥር ምጣድ ማለት ነው። የበዓል ዋዜማ ሁሉም አንዴ ቢለኩስ ወደ 35 ኪሎዋት ይደርሳል፤ ሌላው ምድጃና መብራት ሳይቆጠር። መስመሩ ለዚያ ካልታሰበ ብሬከሩ እዚያው ይወድቃል። ሌላም አለ፤ ሂሳቡን ማን ይከፍላል? በአንድ የጋራ ቆጣሪ ከሆነ ጠቡ በመጀመሪያው ወር ይጀምራል።

ቁጥር 32። የመጨረሻው ነው፣ ጠያቂዋ ትላንት ማታ የጻፈችው። ከእያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ ወደ መጋገሪያው አንድ አንድ መስመር ስባ፣ ስምንት በቁልፍ የሚዘጉ ሶኬቶች ለማድረግ አስባለች፤ ጋጋሪዋ ምጣዱን የራሷ ሶኬት ላይ ትሰካዋለች። እንፋሎት ባለበት ቦታ ሶኬቶቹ ከምጣዱ ምን ያህል መራቅና በምን ከፍታ መሆን እንዳለባቸው፣ ለስምንት መስመር ምን ያህል ሻፍት እንደሚበቃ የሚያውቅ ሰው እንዲነግራት ትጠይቃለች። የመጨረሻው ጁሪ በሚቀጥለው ወር ነው። የሠራችሁበት ካላችሁ ከቁጥር 33 ቀጥሉ።